ኤስሲኤችዲ፦ የሽዋብ የትርፍ ድርሻ ፈንድ ምን ይገዛል፣ ምን ይጥላል፣ ለማን ይሆናል

ኤስሲኤችዲ በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ፣ የትርፍ ድርሻ የሚከፍሉ መቶ ያህል ኩባንያዎችን በአንድ ጥቅል የያዘ ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ፈንድ) ነው። የአሜሪካው የኢንቨስትመንት ድርጅት ቻርልስ ሽዋብ ያወጣው በኦክቶበር 2011 ነው (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የማስተዳደሪያ ክፍያው በዓመት 0.06 በመቶ ነው፤ 10,000 ዶላር ያስቀመጠ ሰው በዓመት 6 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ለባለድርሻዎቹ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር፣ በዓመት አራት ጊዜ ያከፋፍላል። የዓመቱ ክፍያ ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር ሰሞኑን በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 በመቶ መካከል ነው፤ ከዚህ በኋላ «መቶኛ» የምንለው ይህንን ነው።

ፍርዱን አስቀድሞ ለሚፈልግ፦ ከዓመት ዓመት የሚያድግ ገቢ ለሚፈልግና ገንዘቡን ቢያንስ አሥር ዓመት ሳይነካ ሊያቆይ ለሚችል ሰው፣ በዚህ ዘርፍ ካሉት ፈንዶች ይህኛው ይመረጣል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የቤት ኪራዩን የሚሸፍንለት ገቢ ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም፤ 3.5 በመቶ ትንሽ ነው። ለዚህ ፍርድ ዋናው ምክንያት ፈንዱ የሚከተለው ደንብ ነው። ብዙ ገዢዎች ደንቡን ሳያነቡ መቶኛዋን ብቻ አይተው ይገባሉ፤ ኋላ ላይ የሚያማርሩትም እነሱ ናቸው።

ደንቡ

ፈንዱ አክሲዮን እየመረጠ የሚገዛ ባለሙያ የለውም። የሚከተለው ዳው ጆንስ ዩ.ኤስ. ዲቪደንድ 100 የሚባለውን ኢንዴክስ (በደንብ የሚዘጋጅ የአክሲዮን ዝርዝር) ነው፤ እዚያ የገባውን ይገዛል፣ የወጣውን ይሸጣል። ኢንዴክሱ ኩባንያዎቹን የሚያሳልፈው በተደራረበ ወንፊት ነው።

የመጀመሪያው ወንፊት ታሪክ ነው። ኩባንያው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ዓመታት የትርፍ ድርሻ የከፈለ መሆን አለበት። በየዓመቱ መጨመር አይጠበቅበትም፤ ማቋረጥ ግን አይፈቀድለትም። ቀላል የሚመስለው ይህ መስፈርት ብዙ ሥራ ይሠራል። ቦይንግ በማርች 2020 ክፍያውን ስላቆመ አይገባም። ዲዝኒም በ2020 አቋርጦ በ2024 ስለቀጠለ ቆጠራው ከአንድ ጀምሮበታል። ሜታና አልፋቤት የመጀመሪያውን የትርፍ ድርሻ የከፈሉት በ2024 ስለሆነ፣ ሳያቋርጡ ቢቀጥሉ እንኳ ከ2034 በፊት በሩ አይከፈትላቸውም። ሪት የሚባሉት የሪል እስቴት ኩባንያዎች ደግሞ ከነጭራሹ የተከለከሉ ናቸው፤ የእነሱ ክፍያ በግብር በኩል የተለየ ጣጣ ስላለው ይህን እንደ ጥቅም እንቆጥረዋለን።

ቀጥሎ መጠንና ግብይት ይታያል፦ ለሕዝብ የሚሸጠው ድርሻ ከ500 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ዋጋ ያለው፣ በቀን በአማካይ ከ2 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ የሚገበያይ ኩባንያ ብቻ ያልፋል። ከዚያ የቀሩት ሁሉ በትርፍ ድርሻ መቶኛቸው ይደረደሩና ታችኛው ግማሽ ይጣላል። አፕልና ማይክሮሶፍት ይህን ያህል ዓመት ከፍለውም እዚህ የማይገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚከፍሉት ከዋጋቸው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው።

ፈንዱን ከሌሎቹ የሚለየው የመጨረሻው ደረጃ ነው። የቀሩት ኩባንያዎች በአራት መለኪያ እኩል ይመዘናሉ፦ ነጻ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ከጠቅላላ ዕዳ ጋር ሲነጻጸር፣ በባለአክሲዮኖች ካፒታል ላይ የተገኘው ትርፍ፣ የትርፍ ድርሻው መቶኛ፣ እና ያለፉት 5 ዓመታት የትርፍ ድርሻ ዕድገት። ክብደታቸው እኩል ቢሆንም፣ ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚታይ ትርፍ ለባለአክሲዮን አይከፋፈልም። ሥራው የሚያመነጨው ገንዘብ ከዕዳው ጋር ሲታይ ቀጭን የሆነ ኩባንያ፣ ወለድ ሲወደድ ወይም ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቆርጠው ለባለአክሲዮኖች የሚከፍለውን ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን አንድ ላይ ማድረጋቸውም ብልሃት አለው። መቶኛ ብቻ ቢታይ የሚሰምጡ ኩባንያዎች ይገባሉ፤ ዕድገት ብቻ ቢታይ ደግሞ ዛሬ በጣም ትንሽ የሚከፍሉ ይገባሉ።

ሁለተኛው መለኪያ ላይ ጥርጣሬ አለን። የራሱን አክሲዮን በብዛት መልሶ የሚገዛ ኩባንያ ካፒታሉ በመዝገብ ላይ ስለሚሳሳ፣ ትርፉ ባያድግም መለኪያው ያምርለታል። ተበድሮ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ያምርለታል። የዕዳው መለኪያ ጎን ለጎን ባይቆም ኖሮ ይህ ትልቅ ቀዳዳ ይሆን ነበር።

ያለፉት መቶ ኩባንያዎች በገበያ ዋጋቸው መጠን ድርሻ ይሰጣቸዋል፤ ግን አንድ ኩባንያ ከ4 በመቶ፣ አንድ ዘርፍ ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ገደቡ የሚስተካከለው በየሩብ ዓመቱ ስለሆነ፣ በመሐሉ ዋጋው የሮጠ ኩባንያ 4.5 በመቶ ሆኖ ቢገኝ ስሕተት አይደለም። ዝርዝሩ እንደ አዲስ የሚመረጠው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በማርች ነው።

ወንፊቱ የሚያስከፍለው

ከመቶኛ የሚነሣ ደንብ ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ ዋጋው የወጣን ይሸጣል፣ ዋጋው የወረደን ይገዛል። መቶኛው የሚገኘው የዓመቱን ክፍያ በዋጋው በማካፈል ነውና ክፍያው ሳይነካ ዋጋው በእጥፍ ቢያድግ መቶኛው በግማሽ ይወርዳል። ብሮድኮም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ክፍያውን በየዓመቱ እየጨመረ ሳለ ዋጋው ከዚያ በላይ ስለሮጠ በማርች 2024 ከዝርዝሩ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም መሮጡን ቀጠለና በዚያው ዓመት መጨረሻ የገበያ ዋጋው አንድ ትሪሊዮን ዶላር አለፈ። በማርች 2025 በተደረገው ቅያሬ ደግሞ የኢነርጂ ኩባንያዎች ድርሻ ወደ አንድ አምስተኛ ግድም ከፍ አለ፤ ዋጋቸው ቀዝቅዞ ስለነበር መቶኛቸው ማራኪ ሆኖ ነበር። ይህን የማይወድ ሰው ፈንዱን ባይገዛው ይሻላል፤ በሚቀጥለው ማርችም ይኸው ይደገማል።

ውጤቱን በሁለት ዓመት ማየት ይቻላል። በ2022 የ500 ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ኢንዴክስ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የትርፍ ድርሻውን ጨምሮ 18 በመቶ ሲወርድ ኤስሲኤችዲ የወረደው 3 በመቶ ገደማ ነው። በ2023 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ26 በመቶ በላይ ሲወጣ ኤስሲኤችዲ 4.5 በመቶ አካባቢ ብቻ ወጣ። በ2022 መጨረሻ ሰው ሁሉ ያመሰገነው ፈንድ በ2023 መጨረሻ የሚረገም ሆነ። ደንቡ ግን በሁለቱም ዓመት ያው ነበር።

ሌላው ድክመት ወንፊቱ ወደኋላ ብቻ ማየቱ ነው። ኢንቴል በፌብሩዋሪ 2023 የሩብ ዓመት ክፍያውን ከ36.5 ሳንቲም ወደ 12.5 ሳንቲም ሲቆርጥ፣ ያለፈው አሥር ዓመት መዝገቡ ምንም የሚያስጠረጥር አልነበረውም። በ2024 ደግሞ ጭራሹን አቆመ። ደንቡ እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ አያውቅም፤ የሚያደርገው ጉዳቱን መበተን ነው። በፈንዱ ውስጥ 2 በመቶ ድርሻ ያለው፣ መቶኛውም እንደ ሌሎቹ የሆነ ኩባንያ ክፍያውን በሁለት ሦስተኛ ቢቆርጥ የፈንዱ ገቢ የሚቀንሰው በ1.3 በመቶ ገደማ ነው። አሥር አክሲዮን በእኩል ድርሻ በያዘ ሰው ላይ ግን ይኸው መቁረጥ ከዓመት ገቢው 6.7 በመቶ ይወስድበታል። ለዚህ ነው አክሲዮን አንድ በአንድ እየለቀሙ ገቢ መሥራት ለአብዛኛው ሰው የማይመከረው።

መልቀም የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የእነዚህን ታሪክ ይመልከት። ቪኤፍ ኮርፖሬሽን ለ50 ዓመት ያህል ክፍያውን ሲጨምር ኖሮ በፌብሩዋሪ 2023 ከ51 ሳንቲም ወደ 30 ሳንቲም አወረደው። ዎልግሪንስ በጃኑዋሪ 2024 ከ48 ሳንቲም ወደ 25 ቆርጦ፣ ልክ በዓመቱ አቆመ። ኤቲ ኤንድ ቲ በ2022 የዓመቱን ክፍያ ከ2.08 ዶላር ወደ 1.11 ዶላር አውርዷል። ሦስቱም ከመቁረጣቸው በፊት መቶኛቸው ከገበያው አማካይ ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ነበር፤ ገበያው መቁረጡን አስቀድሞ ስለጠረጠረ ዋጋውን ጥሎት ነበር ማለት ነው። ያንን ከፍተኛ መቶኛ እንደ ስጦታ ያዩት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆኑ፤ ክፍያውም ዋናውም አብሮ ወረደ።

መቶኛው ለምን ያሳስታል

የኤስሲኤችዲ ሩብ ዓመት ክፍያ እኩል አይደለም። በማርች 2024 ለአንድ ድርሻ 61 ሳንቲም ገደማ ከፈለ፣ በጁን 82 ሳንቲም፣ በሴፕቴምበር 75 ሳንቲም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፈንዱ ከኩባንያዎቹ የተቀበለውን ነው የሚያሳልፈው። ኩባንያዎቹ የሚከፍሉበት ቀን ይለያያል፤ የማርች ቅያሬም ከአንዱ ወጥቶ ወደሌላው ሲገባ የክፍያ ቀን ያዘዋውራል። ስለዚህ የማርችን ክፍያ አይቶ ቀነሰ ብሎ መደንገጥም፣ የጁንን አይቶ መፈንደቅም ትርጉም የለውም። ማነጻጸር ካስፈለገ ማርችን ካለፈው ዓመት ማርች ጋር ነው፤ ከዚያም የሚሻለው የአራቱን ድምር ካለፈው አራት ድምር ጋር ማነጻጸር ነው።

ብዙ ድረ ገጾችና የደላላ መተግበሪያዎች የመጨረሻውን ክፍያ በአራት አባዝተው «ወደፊት የሚጠበቅ» ብለው ያሳያሉ። እኩል ለሚከፍል ኩባንያ ይሠራል፤ ለዚህ ፈንድ ግን ቁጥሩን ያበላሸዋል። የድርሻው ዋጋ 80 ዶላር ነው ብንል፣ ከማርች 2024 ክፍያ ተነሥቶ የተሰላው 3.1 በመቶ ግድም ይሆናል፤ ከጁኑ የተነሣው 4.1 በመቶ። የዚያ ዓመት እውነተኛ ድምር (ቀጥሎ ከምናነሣው ስፕሊት፣ ማለትም ከድርሻ መከፋፈሉ፣ በፊት በነበረው ልክ ሲመለስ) 2.98 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ይህ 3.7 በመቶ ነው። ያንኑ ፈንድ ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ቁጥር ተጽፎበት ያየ ሰው ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የሚታመነው ያለፉት 12 ወራት ድምር በዛሬው ዋጋ ሲካፈል ነው።

በኦክቶበር 2024 የተደረገው ስፕሊት ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት አምጥቷል። አንዱ ድርሻ ሦስት ሆነ፤ ዋጋውም ክፍያውም ለሦስት ተካፈለ። በዲሴምበር 2024 የተከፈለው 26 ሳንቲም ገደማ በአሮጌው ልክ 79 ሳንቲም ነው፤ ገቢው አልቀነሰም። የቆዩ ሠንጠረዦችንና የራስን ኤክሴል ፋይል ሲያነብቡ ከዚያ ቀን በፊት ያለውን ሁሉ ለ3 ማካፈል ያስፈልጋል፤ አለዚያ የፈንዱ ገቢ ሁለት ሦስተኛው የጠፋ ይመስላል።

ጎረቤቶቹ

ቪዋይኤም የቫንጋርድ ነው፤ በ2006 የወጣ። ክፍያው እንደ ኤስሲኤችዲ ርካሽ ነው፣ ከ500 በላይ ኩባንያዎች ይይዛል፣ ሪት አያስገባም። ደንቡ ግን ቀላል ነው፤ በሚቀጥሉት 12 ወራት ይከፍላሉ ተብሎ ከሚገመተው ተነሥቶ ከፍተኛውን ግማሽ ይወስድና በገበያ ዋጋ መጠን ያከፋፍላል። የዕዳም የዕድገትም ወንፊት የለውም። በምትኩ ብሮድኮምን የመሰለ አሸናፊ ቶሎ አይጥልም። መቶኛው ብዙውን ጊዜ ከኤስሲኤችዲ ግማሽ በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያንሳል። ጭንቀት ለማይወድ ሰው ይበቃዋል። የቫንጋርዱ ቪግ ደግሞ 10 ዓመት በተከታታይ የጨመሩትን ወስዶ ከነሱ ከፍተኛ መቶኛ ያላቸውን ሩብ ይጥላል። መቶኛው ከ2 በታች ስለሚሆን ለዛሬ ገቢ ብለው አይግዙት።

ኖብል የፕሮሼርስ ነው፤ በ2013 የወጣ። ቢያንስ 25 ዓመት ሳያቋርጡ ክፍያቸውን የጨመሩ የኤስ ኤንድ ፒ 500 አባላትን በእኩል ድርሻ ይይዛል። ስሙ ያምራል፤ ዋጋው ላይ ግን ቅሬታ አለን። 0.35 በመቶ ያስከፍላል፣ መቶኛው ደግሞ 2 አካባቢ ነው። የማስተዳደሪያ ክፍያ የሚቀነሰው መጀመሪያ ከትርፍ ድርሻው ስለሆነ፣ ከኩባንያዎቹ ከሚመጣው ገቢ አንድ ሰባተኛ ያህሉ ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። በ100,000 ዶላር ላይ 350 ዶላር በዓመት፤ ኤስሲኤችዲ ላይ 60 ዶላር። የ25 ዓመት ታሪክም ዋስትና አይደለም፤ ከላይ የተጠቀሱት ቪኤፍ፣ ዎልግሪንስና ኤቲ ኤንድ ቲ ሦስቱም በዚህ ዝርዝር ውስጥ የነበሩ ናቸው።

ጄፒ (JEPI) የሚባለው ፈንድ ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ከኤስሲኤችዲ ጋር በተደጋጋሚ የሚወዳደረው እሱ ነውና። ጄፒ ሞርጋን የተባለው ባንክ በሜይ 2020 አወጣው፤ የማስተዳደሪያ ክፍያው 0.35 በመቶ፣ የሚያከፋፍለው በየወሩ ነው፤ መቶኛውም ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 9 በመቶ ይደርሳል። ይህ ገንዘብ ግን በአብዛኛው የኩባንያ ትርፍ ድርሻ አይደለም። ፈንዱ አንዳንድ የማይዋዥቁ ትላልቅ አክሲዮኖችን ይይዛል፤ ከንብረቱ እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ደግሞ ኢኤልኤን በሚባሉ፣ ክፍያቸው ከአክሲዮን ገበያ ጋር በተያያዘ የዕዳ ወረቀቶች ላይ ያውላል። በእነዚህ ወረቀቶች አማካይነት በኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ ኮል ኦፕሽን ይሸጣል፤ ማለትም ገበያው ከተወሰነ ከፍታ በላይ ቢወጣ ያንን ዕድገት ለሌላ ሰው አሳልፎ ለመስጠት ውል ገብቶ በምላሹ ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። የሚያከፋፍለው ይህንን ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ገበያ ሲሮጥ ይቀራል፤ በ2023 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ26 በመቶ በላይ ሲሄድ ጄፒ 10 በመቶ አልሞላም። ሁለተኛ፣ ክፍያው የሚወሰነው በገበያው መናወጥ ነው። ኦፕሽን የሚወደደው ሰው ሲፈራ ነውና በ2022 የወሩ ክፍያ ወፍራም ነበር፣ ገበያው ሲረጋጋ ቀጠነ። የወር ደመወዝ መስሎት የሚገዛው ሰው በዚህ ይገረማል።

ሁለቱን በሒሳብ እናስተያያቸው። 10,000 ዶላር በ3.5 በመቶ ጀምሮ ክፍያው በዓመት 7 በመቶ የሚያድግ ፈንድ ላይ ቢውል፣ የመጀመሪያው ዓመት ገቢ 350 ዶላር ነው፤ በአሥረኛው ዓመት 643 ዶላር ይደርሳል። ያው ገንዘብ ሳያድግ 8 በመቶ የሚከፍል ላይ ቢውል በየዓመቱ 800 ዶላር ነው። የሚያድገው የማያድገውን በዓመት ገቢ የሚበልጠው በ14ኛው ዓመት ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተሰበሰበው ድምር የሚበልጠው ደግሞ በ23ኛው ዓመት ነው። እንግዲህ «ዕድገት ሁልጊዜ ያሸንፋል» የሚሉት ሁልጊዜ ልክ አይደሉም፤ ለ65 ዓመት ጡረተኛ 23 ዓመት ረጅም ነው። ለ30 ዓመት ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ የሚያድገው ፈንድ ዋጋው አብሮ ያድጋል፣ የኦፕሽኑ ፈንድ ዋጋ ግን በብዛት ባለበት ይቆማል። 7 በመቶ ዕድገት እዚህ የተወሰደው ለስሌት ነው፤ ማንም ቃል አልገባም።

የምን ያህል ይበቃኛል ጥያቄም በዚሁ ይመለሳል። በወር 1,000 ዶላር ለማግኘት በ3.5 በመቶ 342,857 ዶላር ያስፈልጋል፤ ግብር ሳይነሣ።

አገዛዙ

አካውንት ከተከፈተ በኋላ ግዢው ራሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቢሆንም የሚበላሸው ትንንሹ ነገር ነው። ሲገዙ «ሊሚት ኦርደር» ይምረጡ፤ ከዚህ ዋጋ በላይ አልገዛም የሚል ትእዛዝ ነው። ኤስሲኤችዲ በብዛት ስለሚገበያይ በመግዣና በመሸጫ ዋጋው መካከል ያለው ልዩነት በመደበኛው ሰዓት አንድ ሳንቲም ግድም ነው፤ ገበያው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችና ከሰዓት ውጪ ግን ይሰፋል። ቁርጥራጭ ድርሻ የማይሸጡ ደላሎች አሉ፤ እዚያ ሙሉ ድርሻ መግዛት ግድ ነው፤ የተከፈለውን መልሶ የመግዛት አገልግሎት (ድሪፕ) ሲበራ ግን ቁርጥራጩን ይፈቅዳሉ።

የትርፍ ድርሻ ለማግኘት ከኤክስ-ዲቪደንድ ቀን በፊት መግዛት ያስፈልጋል፤ በዚያ ቀን የገዛ የዚያን ሩብ ዓመት ክፍያ አያገኝም። ከሜይ 28፣ 2024 ጀምሮ ግብይት በአንድ የሥራ ቀን ስለሚጠናቀቅ፣ ይህ ቀንና የባለድርሻ መዝገብ የሚዘጋበት ቀን በአብዛኛው አንድ ሆነዋል፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች የአንድ ቀን ልዩነት ይነግራሉና አይከተሏቸው። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ተጣድፎ መግዛት ትርፍ የለውም። ድርሻው 27.00 ዶላር ሆኖ 26 ሳንቲም የሚከፍል ከሆነ፣ ሌላ ዜና ከሌለ በኤክስ-ዲቪደንድ ቀን 26.74 ላይ ይከፈታል። ገዢው የራሱን ገንዘብ መልሶ ተቀብሎ ግብር ይከፍልበታል።

ድሪፕ ጥሩ ነው፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው። በኪሳራ የሸጠ ሰው ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያንኑ ፈንድ ከገዛ፣ በአሜሪካ ሕግ በተገዛው ልክ ኪሳራው ከግብር አይቀነስለትም። ድሪፕ በራሱ የሚገዛው ጥቂት ድርሻም እንደ ግዢ ይቆጠራል፤ በሌላ አካውንት፣ በጡረታው አካውንት ጭምር፣ ቢሆንም። ለመሸጥ ሲታሰብ አስቀድሞ ድሪፑን ማጥፋት ነው።

ግብሩ

በአሜሪካ ግብር ለሚከፍል ሰው የኤስሲኤችዲ ክፍያ ሁሉም ማለት ይቻላል «ብቁ» ከሚባለው ወገን ነው፤ እንደ ገቢው መጠን 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ይከፈልበታል። ከፍተኛ ገቢ ያለው (ላጤ ከ200,000፣ አብረው የሚያስገቡ ባልና ሚስት ከ250,000 ዶላር በላይ) 3.8 በመቶ ይጨመርበታል። ይህን ተመን ለማግኘት ድርሻውን ከኤክስ-ዲቪደንድ ቀን 60 ቀን ቀደም ብሎ በሚጀምር የ121 ቀን ጊዜ ውስጥ ከ60 ቀን በላይ መያዝ ግድ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከደላላው የሚመጣው 1099-ዲአይቪ ቅጽ ላይ ጠቅላላው በሣጥን 1ኤ፣ ብቁው በ1ቢ ይጻፋል፤ ሁለቱ ቢቀራረቡ መልካም ነው። የጄፒ ክፍያ በአብዛኛው ከተራ ገቢ ጋር ስለሚደመር በተራው አካውንት ማስቀመጥ ውድ ነው፤ ቦታው የጡረታ አካውንት ነው።

የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ሰው ሒሳቡ ፈጽሞ ይለያል። ከትርፍ ድርሻው 30 በመቶ ከምንጩ ይቆረጣል። አገሩ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ካለው ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ይሆናል፤ ለዚህም ደብሊው-8ቤን የሚባለውን ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። ቅጹ የሚያገለግለው ከተፈረመበት ዓመት በኋላ ያለው ሦስተኛው ዓመት እስኪያልቅ ነው፤ ሳይታደስ ቢቀር ደላላው ሳያስጠነቅቅ ወደ 30 በመቶ ሊመልሰው ይችላል። ከላይ ያለው የ1,000 ዶላር ስሌት ለእንዲህ ያለው ሰው በ15 በመቶ ቅናሽ 403,361 ዶላር፣ በ30 በመቶ ቅናሽ 489,796 ዶላር ይሆናል።

ከዚያም የሚከፋው የውርስ ግብሩ ነው። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ሲሞት በአሜሪካ የሚገኝ ንብረቱ፣ ኤስሲኤችዲም በዚያ ውስጥ ነው፣ ከ60,000 ዶላር በላይ ከሆነ ወራሾቹ የአሜሪካ የውርስ ግብር ይጠየቃሉ፤ ስምምነት ካላዳነው በቀር። ስለዚህ ከአሜሪካ ውጪ ለሚኖር የውጭ ዜጋ ኤስሲኤችዲን በብዛት እንዲገዛ አንመክርም። ለእሱ የሚሻለው አየርላንድ የተመዘገበ፣ የአሜሪካ አክሲዮን የሚይዝ የትርፍ ድርሻ ፈንድ ነው። በሁለቱ አገሮች ስምምነት መሠረት ከኩባንያዎቹ የሚቆረጠው 15 በመቶ ሲሆን፣ ድርሻው የአሜሪካ ንብረት ስለማይባል የአሜሪካ የውርስ ግብር አያገኘውም። የማስተዳደሪያ ክፍያው ከ0.06 በላይ ነው፤ ከ30 በመቶ ተቀናሽ ጋር ሲነጻጸር ግን ኢምንት ነው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ የትም ይኑር የት፣ ይህን የአየርላንድ መንገድ እንዳይነካ። ለእሱ እንዲህ ያለው የውጭ ፈንድ ፒኤፍአይሲ ከሚባለው ወገን ስለሆነ የሚጣልበት ግብር ከባድ ነው፤ በየዓመቱም ለእያንዳንዱ ፈንድ ቅጽ 8621 ይጠየቃል። ሒሳብ አዋቂ የሚያስከፍለው ብቻ የትርፍ ድርሻውን ሊውጠው ይችላል።